«እዚህ ላይ ውሃ ይጠጡ»፦ ለገበያው ነጋዴዎች ማኅበር ሊቀመንበር

ለክቡር የገበያ ነጋዴዎች ማኅበር ሊቀመንበር፣
ባሉበት፣ ወይም ሾፌርዎ «የሉም» በሚሉበት ስፍራ ሁሉ፤

ክቡር ሆይ፣

ይህች ደብዳቤ ከእጅዎ ስትገባ ጤናዎ እንደ ድምፅዎ ሙሉ፣ እንቅልፍዎም እንደ ሕሊናዎ ምንም የማያናጋው ሆኖ ታገኝዎ ዘንድ ከልቤ እመኛለሁ። እኔ ስለ ራሴ ጤና ባልጠየቅም ደኅና ነኝ፤ ሳይጠየቁ መመለስን በቢሮዎ ደጃፍ ያለው አግዳሚ ወንበር አስተምሮኛል።

ወደ ጉዳዬ ከመግባቴ በፊት ሰላምታዬ ለመላው ቤተሰብዎ በየማዕረጋቸው ይድረስልኝ። «እዚህ አትቁም፤ ቤት ሂድና ጠብቀኝ» እያሉ በተደጋጋሚ ስለላኩኝ፣ በቤትዎ በረንዳ ላይ ስጠብቅዎ ሁሉንም አውቄአቸዋለሁ፤ እነርሱም እጄ ሥራ ፈትቶ ከሚቀመጥ ብለው አዝነውልኛል።

ለክብርት ባለቤትዎ፦ ቀሚሳቸውን ከጉልበት በላይ ቆርጦ ባበላሸባቸው ልብስ ሰፊ ላይ የሁለት ገጽ አቤቱታ ጽፌላቸው ሰውየው እያለቀሰ የጨርቁን ዋጋ መልሷልና፣ አዲሱ ቀሚስ ልክ መጥቶላቸው እንደሆነ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ለአማትዎ ለእማማ፦ ከታላቅ እኅታቸው ጋር ዐሥራ አንድ ዓመት ተኳርፈው በእኔ ብዕር ታርቀዋልና፣ እንኳን ደስ ያለዎ ይበሉልኝ፤ የታረቁት እኅታቸው ሊጠይቋቸው መጥተው ይኸው ሦስተኛ ወራቸውን እርስዎ ቤት እንደያዙም ሰምቻለሁ፤ ይህን ሸክም የጫንሁብዎ በክፋት እንዳልሆነ ይረዱልኛል። ለበኩር ልጅዎ፦ «ታታሪና ሰዓት አክባሪ ነኝ» የሚል ማመልከቻ ጽፌለት ሥራውን አግኝቷልና፣ ከእንቅልፉ በተነሣ ጊዜ ሰላም ይበሉልኝ። ለባለቤትዎ ወንድም፦ ለእጮኛው የላከው የይቅርታ ደብዳቤ ለሰርግ አብቅቶታልና ትዳሩን ያጽናለት፤ ሙሽሪት ደብዳቤውን በመስታወት አስገብታ ግድግዳ ላይ ሰቅላዋለች አሉ፤ የጻፈው ማን እንደሆነ ከእኔ አትሰማም።

ለሰባት ዓመቷ ለታናሺቱ ልጅዎ ግን የተለየ ሰላምታ አለኝ። ስለ ዛፍ አራት ስንኝ ጻፍልኝ ብላ ጻፍሁላት፤ ዋጋው ስንት ነው ብላ ጠየቀችኝ፤ አንድ ከረሜላ አልኋት። ግማሹን በጥርሷ ሰብራ ሰጠችኝና «ቀሪውን ነገ» አለች፤ በማግስቱም አመጣችው። ጥቂት የተላሰ ቢሆንም ሙሉ ግማሽ ነበረ። ከመላው ቤተሰብ የከፈለችኝ እርሷ ብቻ ስለሆነች፣ ይህ ጠባይ ከማን እንደ ወጣላት ቤተሰቡ ተሰብስቦ ቢመረምር መልካም ይመስለኛል።

እኔ ማን እንደሆንሁ ዘንግተው ከሆነ፣ በገበያው የታችኛው በር ባለው ፎቶ ኮፒ ቤት ጥግ፣ አንድ እግሯ በተጣጠፈ ካርቶን በተደገፈች ጠረጴዛ ላይ፣ ማመልከቻና ንግግር፣ የእርቅና የጠብ ደብዳቤ እየጻፍሁ የምተዳደር ወጣት ነኝ። ትምህርቴ እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ የቀረውን ያስተማሩኝ የሰው አቤቱታዎች ናቸው። የተወለድሁበት ከዚህ የሁለት ቀን መንገድ ነው። ይህን ደብዳቤ ግልጽ ያደረግሁትም እርስዎን ለማሳጣት አይደለም፤ ሰው መሳይ ፖስታ የምገዛበት አጥቼ ነው። «ሒሳብ» የሚለው ቃል በየትኛው ሐ እንደሚጻፍ ሦስት ሰው ጠይቄ ሦስት መልስ ስላገኘሁ፣ የተሳሳትሁ እንደሆነ ፊደሉን እንጂ ነገሩን እንዳይጥሉብኝ እማጠናለሁ።

አቤቱታዬ የሚከተለው ነው።

አንደኛ። ከሰባት ወር በፊት፣ አዲሱ የገበያ አዳራሽ ሊመረቅ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ በክብር እግርዎ ወደ ጠረጴዛዬ መጥተው «አንተ ልጅ፣ አጠር ያለች፣ ሰው የምታስለቅስ ንግግር ጻፍልኝ» አሉኝ። እኔም ዋጋዬን በፈራ ድምፅ ተናገርሁ። እርስዎ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው «ስለ እሱ አታስብ፤ ይታሰብልሃል» አሉ። በትምህርቴ ማነስ ምክንያት ቃሉ የሒሳብ ቃል መስሎኝ ነበረ። የልብ ቃል እንደሆነ የገባኝ ቆይቶ ነው። እነሆ ሰባት ወር ሙሉ ሲታሰብልኝ ኖሯል፤ ነግቶ እስኪመሽ የሚያስብልኝ ሰው አለኝ ማለት ነው፤ አባቴ ከሞተ ወዲህ ይህን ያህል የታሰበልኝ ጊዜ የለም። ይሁን እንጂ የቤት አከራዬን «ይታሰብልዎታል» ብያቸው «እኔ ማሰብ አላነሰኝም ልጄ፤ ያነሰኝ ኪራዩ ነው» ስላሉኝ፣ ቃሉ የሚሠራው ከላይ ወደ ታች ብቻ መሆኑን ተረድቻለሁ።

ሁለተኛ፤ ይህኛው ረዘም ይላልና ወንበር ይሳቡ። ንግግሩ አንድ ገጽ ተኩል ነበረ። እርስዎ ማንበብ ከጀመሩ ትንፋሽ እንደማይወስዱ ሾፌርዎ ስላስጠነቀቁኝ፣ ጉሮሮዎ እንዳይደርቅ ሠግቼ፣ «የሠራተኛ ዋጋ ላቡ ሳይደርቅ ይከፈል» ከሚለው ዐረፍተ ነገር ቀጥሎ በቅንፍ ውስጥ «እዚህ ላይ ውሃ ይጠጡ» የምትል ማስታወሻ ጻፍሁ። መከራዬ ሁሉ የሚጀምረው ከዚህች ማስታወሻ ነው። «ጠጣ» ብዬ ብጽፍ ኖሮ ዛሬ ይህ ሁሉ አይደርስም ነበረ። ነገር ግን ሊቀመንበርን የሚያህል ሰው አንተ ብዬ «ጠጣ» ለማለት እጄ እምቢ አለኝ፤ ብዕሬን ሁለት ጊዜ አንሥቼ ሁለት ጊዜ አስቀመጥሁ፤ በመጨረሻም እንደ አስተዳደጌ «ይጠጡ» አልሁ።

እርስዎም ቅንፉን ዘለሉት፤ ቃሉን ግን አልዘለሉትም። በዚያ ጣሪያ በሚያነቃንቅ ድምፅዎ የሠራተኛ ዋጋ ላቡ ሳይደርቅ ይከፈል ካሉ በኋላ፣ ቀኝ እጅዎን ወደ አትክልት ተራ ዘርግተው «እዚህ ላይ ውሃ ይጠጡ» ብለው አወጁ። በቋንቋችን አንድን ትልቅ ሰው ማክበርና ብዙ ትንንሽ ሰዎችን ማጠጣት በአንድ ቃል ስለሚጻፍ፣ ሕዝቡ የሰማው ለእርሱ የሚበጀውን ነበረ። አትክልት ሻጮቹ ውሃ በጀሪካን ከሦስት ሰፈር ማዶ ሲያመላልሱ የኖሩ መሆናቸውን ማኅበርዎ ያውቃል። ከፊቴ የቆመች ቲማቲም ሻጭ ጎረቤቷን በክርኗ ጎሸመቻትና «ሰማሽ? እዚህ ላይ አሉ እኮ፤ እኛው ተራ ላይ ነው» አለች። ጎረቤቷም «እኔ ድሮም ደግ ፊት አላቸው ብዬሻለሁ» አለቻት። «መቼ ብለሽ ታውቂያለሽ? ኮስታራ ነው ያልሽው» ብላ ልትከራከር ስትል ጭብጨባው ዋጣት። ድንች ሻጮቹ ተነሡ፤ ሽንኩርት ሻጮቹ ተነሡ፤ ከጎንዎ የተቀመጡት የከተማው ባለሥልጣንም ተነሥተው እጅዎን ጨበጡ። እርስዎ ወረቀቱን አዩ፤ ሕዝቡን አዩ፤ ወረቀቱን ደግመው አዩ፤ ከዚያ ፊትዎ የተቀመጠውን ብርጭቆ አንሥተው እስከ መጨረሻው ጠጡት። ማስታወሻዬ በትክክል የተፈጸመው ያን ጊዜ ነው። እኔ ከኋላ ዓምድ ተደግፌ መውጫውን በር በዓይኔ ስፈልግ ነበርና የቀረውን ንግግር አልሰማሁም፤ ያኔ እታሰራለሁ ብዬ ነበር የፈራሁት፤ አለመከፈል የሚባል ነገር በአሳቤ አልመጣም።

ሦስተኛ። ቧንቧው በሁለት ወር ውስጥ ገባ። ሁለት አፍ ያለው፣ በሲሚንቶ የተለበጠ ገንዳ ያለው፣ ያማረ ቧንቧ ነው፤ እኔም በየቀኑ እታጠብበታለሁ። ከዚያ ወዲህ ገበያተኛው እርስዎን በማዕረግዎ መጥራት ትቶ «ባለ ውሃው» ይልዎታል። ባለፈው የማኅበሩ ምርጫ ተፎካካሪዎ ስለ መብራት፣ ስለ ጥበቃና ስለ ፍሳሽ አንድ ሰዓት ሙሉ ተናገሩ፤ እርስዎ ግን ፎቶግራፍዎን ቧንቧው ላይ ለጥፈው ዝም አሉ፤ በዝምታዎም ከዐሥር ዘጠኙን ድምፅ ወሰዱ። ለዚህ የሚገባኝ ምስጋና የቱ ላይ እንዳለ ስፈልግ ከርሜ፣ በፎቶግራፉ ግርጌ «ሐሳቡ የራሳቸው የሊቀመንበሩ ነው» የሚል ጽሑፍ አገኘሁ። ሐሳቡ የማንም እንዳልነበረ የምናውቀው እርስዎና እኔ ብቻ ነን፤ ከዛሬ ጀምሮ ደግሞ ይህን ደብዳቤ ያነበበ ሁሉ።

አራተኛ። ክፍያዬን ልጠይቅ ዐሥራ አራት ጊዜ ቢሮዎ መጥቻለሁ። በር ከማንኳኳቴ በፊት የምናገረውን ደረጃው ላይ ቆሜ አጠና ነበር፤ የጥበቃው ሽማግሌ በቃላቸው ስለያዙት እኔ ስረሳ እርሳቸው ያስታውሱኛል። በዐሥራ አራተኛው ቀን ግን አስገቡኝ፤ ክብር ይስጥልኝ። እንዲህም አሉኝ፦ «አንተ ልጅ፣ ያቺ ቅንፍህ ስንት እንዳስወጣችን ታውቃለህ? ሲሚንቶው አለ፣ ቱቦው አለ፣ ቆጣሪው አለ፣ ቧንቧ ሠራተኛው አለ። እንግዲህ እንተሳሰብ ካልን ልከፍልህ ነው ወይስ ልትከፍለኝ?» እኔ ይቅርታ ጠየቅሁ። ከዚያም አመሰገንሁ። ሦስተኛው ደረጃ ላይ ደርሼ ነው ያመሰገንሁት ስለ ምን እንደሆነ ራሴን የጠየቅሁት።

ከዚያ ወዲህ ነገሩን አገላብጬ መርምሬዋለሁ፤ ምክንያትዎ ስለ ውሃ ቢሆንም ውሃ አላነሣልኝም። ቧንቧው በእኔ ጥፋት የመጣ ዕዳ ከሆነ፣ ምርጫውም በእኔ ጥፋት የመጣ ሹመት ነው። ወንበርዎ ላይ የተቀመጡት እርስዎ፣ ቆጣሪው የተቆጠረው በእኔ ላይ ከሆነ፣ ቢያንስ ከወንበሩ አንደኛውን እግር ይስጡኝ፤ ለጠረጴዛዬ ይሆነኛል። ደግሞም ቧንቧ ሠራተኛው ተከፍሎታል፤ ሲሚንቶ አቅራቢው ተከፍሎታል፤ ፎቶግራፉን ያነሣው ተከፍሎታል፤ ውሃው ራሱ በየወሩ ይከፈለዋል። ያልተከፈለው «ውሃ» የሚለውን ቃል የጻፈው ሰው ብቻ ነው። ወዳጆቼ «ገንዘብህን ውሃ በላው» እያሉ ሲስቁብኝ እኔም አብሬ እስቃለሁ፤ እውነቱን ለመናገር ነገሩ ያስቃል።

አምስተኛ። ባለፈው ቅዳሜ ሾፌርዎ መጥተው አዲስ ትእዛዝ ነገሩኝ። ክቡርነትዎ በምርጥ የማኅበር መሪነት ሊሸለሙ ነውና ንግግር ያስፈልግዎታል። እንኳን ደስ ያለዎ። ሾፌርዎ የተላኩበትን ቃል በቃል እጽፈዋለሁ፦ «እንደ ድሮው አድርገህ ጻፈው። ያቺን የቅንፏን ዓይነት ደግሞ አንድ ሁለት ጨምርበት ብለዋል፤ ሕዝብ የሚያስነሣ። ብቻ ወጪ የሌላት ትሁን።» ስለ ዋጋው ብጠይቃቸው ጣራውን ቀና ብለው አይተው «ያው... ይታሰብልሃል» አሉ፤ ከዚያም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እኔም ታስቦልኝ ነው የምነዳው፤ ወንድሜ» አሉኝ። ክቡር ሆይ፣ ሕዝብ የሚያስነሣና ወጪ የሌለው ቃል ስፈልግ አራት ቀን አለፈኝ። እስካሁን አላገኘሁም። ወረቀቱ ነጭ እንደሆነ ነው።

ስድስተኛም ነበረኝ፤ ስጽፍ በጣም ስለተናደድሁ ረሳሁት። ሲመጣልኝ እጨምረዋለሁ።

አሁን ይህን ሁሉ ለምን በዚህ ሳምንት እንደ ጻፍሁ ልናገር። የፎቶ ኮፒ ቤቱ ባለቤት፣ ገበያው ሁሉ «እትዬ ኮፒ» የሚላቸው ደግ ሴት፣ የጠረጴዛዋን ኪራይ አራት ወር ታግሠውኛል፤ ወረቀትም በዱቤ ሰጥተውኛል። ባለፈው ሳምንት ግን አንድ ማኅተም ቀራጭ መጣ። ጨዋ ሰው ነው። «አይዞህ ወንድሜ፣ እኔ አልቸኩልም» እያለ የጠረጴዛዬን ርዝመት በሲባጎ ለካ፤ ስፋቷንም ለካ፤ ክርኔን አንሥቶ ከሥሬ ለካና ልኩን መዳፉ ላይ ጻፈ። «ትበቃሃለች?» ብዬ ጠየቅሁት። «ካርቶኑን አውጥቼ እንጨት አደርግባታለሁ» አለኝ። ለራሴ ጠረጴዛ እኔ ያላሰብሁላትን እርሱ ሲያስብላት ሰምቼ ጥቂት ቀናሁ። እትዬ ኮፒም ዓይኔን ላለማየት መነጽራቸውን እየጠረጉ «ልቤ ካንተ ጋር ነው ልጄ፤ ጠረጴዛው ግን ከከፈለ ጋር ነው» አሉኝ። የሰጡኝ ቀጠሮ ዓርብ እኩለ ቀን ነው። ከእርስዎ ዘንድ ያለኝ የአንድ ንግግር ዋጋ የአራት ወሩን ኪራይ ዘግቶ ለወረቀቱም ይተርፋል፤ ከዚያ በላይ አይደለም፤ ከዚያ በታችም አይደለም።

ጠረጴዛዋ ከሄደች እኔም ቀድሞ ወደነበርሁበት ወደ እህል መጋዘን እመለሳለሁ። ጆንያ መሸከም ነውር የለበትም፤ ሁለት ዓመት ተሸክሜአለሁ፤ እዚያም «ይታሰብልሃል» የሚል የለም፤ ያወረዱት ጆንያ ተቆጥሮ ማታውኑ ይከፈላል። የሚከብደኝ ሌላ ነው። እናቴ ማንበብ ስለማትችል የምልክላትን ደብዳቤ ለጎረቤት ታስነብባለች፤ እኔም በድፍረት «ለትልልቅ ሰዎች ቃል አዘጋጃለሁ» ብዬ ጽፌላት ነበረ፤ አሁን መንደሩ ሁሉ «የቃል አዘጋጁ እናት» ይላታል አሉ። ይህን ስም መልሼ ልወስድባት የምችልበትን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ቀድጃለሁ። ለሰው ሁሉ የእርቅና የሐዘን ደብዳቤ የጻፈ እጅ ለእናቱ አንድ መስመር ሲያቅተው ማየት፣ ለሚያየው ሰው ሳይሆን ለእጁ ባለቤት ከባድ ነው።

ስለዚህ ልመናዬን አሳጥራለሁ። ስለ ቧንቧው ምስጋና አልጠይቅም። ስለ ምርጫው ድርሻ አልጠይቅም። የክብርት ባለቤትዎን፣ የእማማን፣ የበኩር ልጅዎንና የሙሽራውን ደብዳቤዎች በነፃ ትቻለሁ፤ ከታናሺቱ ልጅዎ ጋር ደግሞ ንጹሕ ነን። የምጠይቀው የአንዱን ንግግር ዋጋ፣ ጠረጴዛዬ አጠገብ ቆመው በጆሮዎ የሰሙትንና ያልተከራከሩበትን፣ እርሱን ብቻ ነው።

ምስጋናም አለብኝና ሳላቀርብ አልቀርም። ትዕግሥትን ስላስተማሩኝ አመሰግናለሁ፤ ሳይከፍሉ አስተምረውኛልና ትምህርቱም ሳይከፈልበት ይቀራል። የቢሮዎን ደረጃ ዐሥራ አራት ጊዜ ስለወጣሁ እግሬ ጠንክሯል፤ ለእርሱም አመሰግናለሁ። ከሁሉ በላይ፣ ከማኅበርዎ አባላት መካከል ደብዳቤ አጽፈው የሚሰወሩት ሌሎች ሰባት ነጋዴዎች «ሊቀመንበሩ ያላደረጉትን እኛ እናድርግ?» እያሉ በትሕትና ስለሚመልሱልኝ፣ አርአያነትዎ ምን ያህል እንደ ሠራ በዚህ አጋጣሚ ልመሰክርልዎ እወዳለሁ። እርስዎ አንድ ጊዜ ቢከፍሉ ስምንት ሰው ይከፍለኛል፤ ይህን ያህል ሥልጣን በአንድ ኪስ ውስጥ ያለው ሰው አይቼ አላውቅም።

ይህን ደብዳቤ እትዬ ኮፒ በአርባ ቅጂ አባዝተውታል። ሒሳቡን ስጠይቃቸው «የዚህን አላስከፍልህም፤ ሳነበው የሳቅሁት ይበቃኛል» ብለዋል። አንዱ በማኅበሩ ማስታወቂያ ሰሌዳ፣ አንዱ በአዳራሹ መግቢያ፣ የቀሩት ደግሞ ውሃ ሊቀዱ ሲመጡ ወረፋ ለሚጠብቁ ደንበኞቻችን ይደርሳሉ፤ ወረፋ ላይ የሚነበብ ነገር ያስፈልጋል።

ክቡር ሆይ፣ ዛሬ ረቡዕ ነው። ደብዳቤውን ያደረሱልዎ የጥበቃው ሽማግሌ በርዎ ላይ ቆመው ይጠብቃሉ። «እከፍላለሁ» ወይም «አልከፍልም» ከሚሉት ሁለት ቃላት አንዱን ጽፈው በእርሳቸው እጅ ዛሬውኑ ይላኩልኝ። ሌላ ቃል አልፈልግም። መልሱን ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጬ እጠብቃለሁ።

ከታላቅ አክብሮት፣ ከደረቀ ጉሮሮና ከማይታጠፍ ጨዋነት ጋር፣
ስለ እርስዎ ማሰብ ያላቋረጠው፣

የታችኛው በር ደብዳቤ ጸሐፊ

ማሳሰቢያ፦ ለዚህ ደብዳቤ መልስ የሚጽፍልዎ ሰው ቢቸግርዎ፣ መልስ መጻፍም ሥራዬ ነው። ቁጣ ያለበት መልስ ሙሉ ዋጋ፣ ይቅርታ ያለበት መልስ ግማሽ ዋጋ ነው፤ ሁለቱም በቅድሚያ ይከፈላሉ። ይቅርታ ያለበትን ከወዲሁ አርቅቄዋለሁ። እጅግ ልብ የሚነካ ስለሆነ እኔ ራሴ ሳነበው ይቅር ብዬዎታለሁ፤ የቀረው መግዛትዎ ብቻ ነው።